ሺፍቱ ካለቀ በኋላ

ጁላይ 17 ቀን 2024 የላስ ቬጋሱ ሚራዥ ሆቴል በሩን ዘጋ። (በዚህ ምዕራፍ ዓመቶቹን የማስቀምጠው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ የላስ ቬጋስ ሠራተኛ ዕድሜውንም ጡረታውንም የሚያሰላው በዚያው ስለሆነ።) ከ1989 ጀምሮ ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖ ጎዳና ዳር እሳት ሲተፋ የኖረው ሰው ሠራሽ እሳተ ገሞራ ጠፋ፤ ከሦስት ሺህ በላይ ሠራተኛም ወደ ቤቱ ተሰናበተ። ከመዘጋቱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ኩሊናሪ የሚባለው የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር ከአሠሪው ጋር ተደራድሮ ለአባላቱ ሁለት ምርጫ አምጥቶላቸው ነበር። አንደኛው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 2,000 ዶላር፣ ከስድስት ወር የጡረታና የጤና ኢንሹራንስ ጥቅም ጋር ተቀብሎ መሰናበት ነው። ሁለተኛው ያነሰ ገንዘብ ወስዶ ቦታን ማስጠበቅ ነው፤ ሆቴሉ በአዲስ ስም ታድሶ ሲከፈት በቀድሞው የአገልግሎት ቅድሚያ ተጠርቶ ለመመለስ።

ሲያዩት የገንዘብ ጉዳይ ይመስላል። 20 ዓመት የእንግዳ ክፍል ስታጸዳ የኖረች ሴት አንደኛውን ብትመርጥ ግብሩ ሳይነሣለት 40,000 ዶላር ይደርሳታል። ሁለተኛውን ብትመርጥ ቦታዋ አይነካም፤ ነገር ግን ግንባታው እስኪያልቅ ዓመታት መጠበቅ አለባት። ከቁጥሩ ሥር የተቀመጠው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይህን ሥራ ጨርሻለሁ ወይስ አልጨረስኩም? ጉልበቴ፣ ወገቤ፣ ልቤ ምን ይላሉ? የሚራዥ ሠራተኞች ይህን በጽሑፍ ተጠይቀው በጽሑፍ መመለስ ነበረባቸው። አብዛኛው ሰው ይህን ዕድል እንኳ አያገኝም። ሐኪም «ከእንግዲህ ረጅም ሰዓት አትቁም» ይለዋል፣ የታክሲው ገቢ ከወር ወር ይሟሽሻል፣ ሚስቱ «አሁንስ አይበቃህም?» ትለዋለች፣ ጥያቄው እንዲህ ከጎን ከጎን እየመጣ መልስ ሳያገኝ ሥራው ያልቃል።

ጥያቄው በላስ ቬጋስ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የበረከተበት ጊዜ ላይ ነን። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በሱዳን በኩል ወጥቶ በ1980ው የስደተኞች ሕግ አሜሪካ የገባው ትውልድ ሰባውን ይዟል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በዲቪ የመጣው ደግሞ ስልሳውን እየተሻገረ ነው። ብዙው መጀመሪያ ያረፈው ዋሽንግተን፣ ሎስ አንጀለስ ወይም ሲያትል ነበር። ወደዚህ በረሃ የሳበው ያኔ ርካሽ የነበረው ቤት፣ በኔቫዳ የስቴት የገቢ ግብር አለመኖሩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዲግሪህን የማይጠይቅ ሥራ መኖሩ ነው። ታክሲ፣ መኪና ማቆም፣ ክፍል ጽዳት፣ በካዚኖ ጠረጴዛ ቁማር ማጫወት ማለትም ዲለርነት። የማኅበረሰቡ ሰዎች ዛሬ ቁጥራችን 40 ሺህ ይደርሳል ብለው ይገምታሉ። በ2023 የክላርክ ካውንቲ ኮሚሽነሮች በትሮፒካናና በዲኬተር መንገዶች አካባቢ ያለውን፣ የእኛ ሱቅና ምግብ ቤት የሞላበትን ሰፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ብለው ሰይመውታል። ሰፈሩ ስም ባገኘበት ጊዜ የመሠረቱት ሰዎች ጡረታ መውጣት ጀምረዋል።

እኔ የምለው ይህን ነው። ረጅም ዘመን አንድ ሥራ ላይ የኖረ ሰው ቀጣዩን ሥራ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ በማሰብ አያገኘውም፤ የሚያገኘው በትንንሹ እየሞከረ ነው። ለመሞከር ደግሞ ሒሳቡን ማወቅ አለበት። የእኛ ሰው ይህን ከማንም በተሻለ ሊያደርገው ይገባ ነበር፣ ምክንያቱም አንድ ጊዜ አድርጎታል። ወደዚያ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ሒሳቡ።

ዜሮዎቹ

የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የሚሰላው ሰው ከሠራባቸው ዓመታት ውስጥ ከፍ ያለ ገቢ ያገኘባቸው 35ቱ ተወስደው ነው። 35 ያልሞላለት ሰው የጎደለው በዜሮ ይሞላል። አሜሪካ ተወልዶ በ18 ዓመቱ ሥራ የጀመረ ሰው ይህን ሕግ ሳያውቀው ኖሮ ሊሞት ይችላል። ጎልማሳ ሆኖ ለመጣ ሰው ግን የጡረታው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሰው በምናባችን እናቁም። ጎንደር ውስጥ 15 ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። በ40 ዓመቱ ዲቪ ደርሶት መጣ፣ ላስ ቬጋስ ገብቶ 22 ዓመት ታክሲ ነዳ። በ62 ዓመቱ «በቃኝ» ቢል መዝገቡ ላይ 22 ዓመትና 13 ዜሮ አለ። የጎንደሩ 15 ዓመት አይቆጠርለትም። አሜሪካ የሥራ ዓመታትን ለመደማመር ከሠላሳ ያህል አገሮች ጋር ስምምነት አላት፣ ኢትዮጵያ ግን ከእነዚያ ውስጥ አይደለችም። ስለዚህ ይህ ሰው አንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር የዓመት ደመወዝ ብቻ አይደለም የሚያገኘው፣ አንድ ዜሮም ይሰርዛል። 35 ዓመት የሞላለት ፈረንጅ ጎረቤቱ ግን አንድ ዓመት ቢጨምር ጡረታው ላይ ብዙም ለውጥ ላያይ ይችላል። ጎረቤት በ62 ወጣ ብሎ መውጣት ለዚህ ነው የማያዋጣው።

ዕድሜውም አለ። በ1960ና ከዚያ ወዲህ ለተወለደ ሰው ሙሉ የጡረታ ዕድሜው 67 ነው። በ67 ዓመቱ በወር 1,000 ዶላር የሚገባው ሰው በ62 ቢጀምር 700 ብቻ ያገኛል፣ እስከ 70 ቢታገሥ ደግሞ 1,240። ልዩነቱ የዕድሜ ልክ ነው። በ62 ጀምሮ «ጎን ለጎን እሠራለሁ» የሚል ሰውም ገደቡን ይወቅ፤ በ2025 ገደቡ በዓመት 23,400 ዶላር ነበር፤ ሙሉ የጡረታ ዕድሜው ያልደረሰ ሰው ከገደቡ በላይ ሠርቶ ካገኘ፣ ከዚያ በላይ ካለው ከየሁለቱ ዶላር አንዱ ከጡረታው ላይ ይያዝበታል። የተያዘው ጭልጥ ብሎ አይጠፋም፣ ሙሉ ዕድሜው ሲደርስ ወርሃዊው ተስተካክሎ ይሰላለታል። ሳያውቅ የገባበት ሰው ግን መሀል ዓመት ላይ ደብዳቤ ይደርሰውና ክው ይላል።

ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ የተለየ ነገር አለ፤ ቲፕ። የዲለር መደበኛ ደመወዝ ከዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ብዙም አይርቅም። ኑሮውን የሚያቆመው ቲፑ ነው። ያልተመዘገበ ቲፕ ለሶሻል ሴኩሪቲ የለም ማለት ነው። በወጣትነቱ «ያላስመዘገብኩት ተረፈኝ» ብሎ ደስ ያለው ሰው በ67 ዓመቱ ያንኑ ገንዘብ ከጡረታው ላይ ተቀንሶ ያገኘዋል። የራይድ ሾፌሩም እንዲሁ ነው። ኡበር ላስ ቬጋስ የገባው ኦክቶበር 2014 ነበር። ብዙም ሳይቆይ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ፣ ሕግ ወጥቶለት በሴፕቴምበር 2015 ተመለሰ፣ ብዙ የታክሲ ሾፌሮቻችንም ወደዚያ ተሻገሩ። ሲሻገሩ ሁለት ነገር ተለወጠባቸው። ታክሲ ላይ የኩባንያ ሠራተኛ ስለነበሩ የሶሻል ሴኩሪቲው ግማሽ በአሠሪው ይከፈል ነበር፣ አሁን ሁለቱም ግማሽ የራሳቸው ነው። ታክስ ሲሠሩ ደግሞ በየማይሉ የሚቀነሰው ወጪ የተመዘገበ ገቢያቸውን በጣም ያወርደዋል። ታክስ ሠሪው «ዘንድሮ ምንም አትከፍልም» ሲል ሁሉም ይመርቀዋል። ማንም የማይነግራቸው ያ ዓመት ለጡረታ ከዜሮ ብዙም የማይሻል መሆኑን ነው።

ኒውዮርክ ያለ የታክሲ ሾፌር ሜዳሊያን የሚባለውን የታክሲ ፈቃድ ራሱ ሊገዛ ይችል ነበር። ዋጋው ጣራ በነካበት ጊዜ ከሚሊዮን ዶላር ያልፍ ነበር፣ ከዚያ ወድቆ ብዙዎችን ዕዳ ውስጥ ከቷል። በላስ ቬጋስ ፈቃዱ የኩባንያዎች ነው። 22 ዓመት የነዳ ሰው ሲወጣ የሚሸጠው ነገር የለውም፣ ያልከፈለው ዕዳም የለበትም። በኔ አስተያየት ይህ ከሚመስለው በላይ በረከት አለው፤ ባዶ እጁን ይወጣል፣ ነፃ ሆኖም ይወጣል።

የጤና ኢንሹራንሱን ነገር ባጭሩ ልበለው። ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬር፣ የሚጀምረው በ65 ነው። በ62 ሥራ የለቀቀ ሰው መሀል ያሉትን ሦስት ዓመታት በምን እንደሚሻገር ሳያውቅ መልቀቅ የለበትም። ቤት ልጅ ስታሳድግ ኖራ ራሷ በቂ ዓመት ያልሠራች ሚስትም ሙሉ ዕድሜዋ ሲደርስ በባሏ መዝገብ እስከ ግማሽ ልታገኝ ትችላለች፤ ይህን የማያውቁ ስንት እናቶች አሉ።

ይህን ሁሉ ያስቀደምኩት ነገሩ ገንዘብ ብቻ ነው ለማለት አይደለም። «ምን ልሠራ ነው?» እያለ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጭንቀቱ ሲፈተሽ፣ ገሚሱ «ስንት አለኝ?» የሚለውን አለማወቅ ሆኖ ይገኛል። በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ መዝገቡን ከፍቶ፣ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ዓመቶቹን አንድ በአንድ ያየ ሰው ቢያንስ የሚፈራውን ነገር ልክ ያውቀዋል።

ጊዜ ሲበዛ

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ማሪ ያሆዳ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ ቪየና አጠገብ ማሪየንታል ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዱ። የከተማዋ ብቸኛ መተዳደሪያ የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተዘግቶ ሰዉ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ ያዩት ያልጠበቁትን ነው። ሰዎቹ ለማንበብ ጊዜ ሞልቷቸው ሳለ ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ አነሰ። መንገድ ላይ የወንዶቹ እርምጃ ዘገየ፣ መሀል ላይ ቆም ማለት አበዙ። ሴቶቹ ግን ቤት የሚጠብቃቸው ሥራ ስለነበር እንደ ወትሮው ፈጠን ብለው ይሄዱ ነበር። ያሆዳ ከዓመታት በኋላ ሥራ ከደመወዝ ሌላ የሚሰጠውን ስትዘረዝር መጀመሪያ ያነሣችው የቀንን ቅርጽ ነው። ከቤተሰብ ውጭ ያለ ሰው፣ የጋራ ዓላማ፣ በሰው ፊት ያለ ስፍራና እንቅስቃሴ ይከተላሉ።

ላስ ቬጋስ ይህንን በግድ አንድ ጊዜ ቀምሳዋለች። በማርች 2020፣ በኮሮና ጊዜ፣ የስቴቱ ገዥ ካዚኖዎችን ሁሉ ዘጉ፤ እስከ ጁን 4 ስትሪፕ ጨለመ። በአፕሪል የኔቫዳ የሥራ አጥነት መጠን ከ28 በመቶ አለፈ። ያንን ጊዜ የሚያስታውስ የእኛ ሰው ስለ ገንዘቡ አንድ ዐረፍተ ነገር ይነግራችኋል፣ ስለ ቀኑ ግን ረጅም ወሬ አለው። ሲነጋ የት እንደሚሄድ ማጣቱን፣ ልጆቹ በኮምፒዩተር ሲማሩ ሳሎን ውስጥ እንግዳ መሆኑን፣ ሌሊት ላይ ዓይኑ ፈጥጦ ማደሩን። እውነት ለመናገር ያ የጡረታ ልምምድ ነበር፤ ልምምድ መሆኑን ያስተዋለ ጥቂት ነው እንጂ።

የሺፍት ሠራተኛ ጊዜ ከቢሮ ሠራተኛ ጊዜ ይለያል። በብዙ ካዚኖ ዲለር አንድ ሰዓት ሠርቶ ሃያ ደቂቃ ያርፋል። ቀኑ በአለቃ ሰዓት የተከተፈ ነው። ታክሲ ነጂው አሥራ ሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ ነው፣ ግሬቭያርድ የሚባለውን የሌሊት ሺፍት የሚሠራው ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ ይተኛል። እንዲህ 20 ዓመት የኖረ ሰው ሥራ ያቆመ ዕለት ሰውነቱ አያቆምም፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃል። በዚያ ሰዓት ይህች ከተማ ክፍት ናት። የቁማር ማሽን በነዳጅ ማደያው፣ በሱፐርማርኬቱ፣ በኤርፖርቱም አለ። በየሰፈሩ ያለው ካዚኖ ደግሞ ለአረጋውያን የቅናሽ ቀን ያዘጋጃል፣ ምሳው ርካሽ ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሠራተኞቹ በስምህ ይጠሩሃል። 20 ዓመት ሙሉ ቁማርተኛ ሲከስር ቆሞ ያየ ሰው ከዚህ ይድናል ብዬ አምን ነበር። ዲለር የነበሩ ሰዎች ሲናገሩ ሰምቼ ትቼዋለሁ። የሚጎትተው ገንዘቡ አይደለም ይላሉ። ሰዓቱን የሚሞላ ነገር እዚያ ነው ያለው። የስንብት ገንዘብ በአንድ ጊዜ እጁ የገባ ሰው፣ ሌሊቱም የረዘመበት፣ ከሁሉ በፊት ማስተካከል ያለበት እንቅልፉን ነው። የሚቀጥለውን ሥራ መፈለግ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሁለቱ መዳፎች

ዲለር ጠረጴዛውን ለቆ ሲወጣ መዳፎቹን ያጨበጭባል፣ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ገልብጦ ያሳያል። ምንም አልያዝኩም ማለት ነው፤ የሚያሳየው ጣራ ላይ ላለው ካሜራ ነው። ሥራ ካቆመ በኋላ ከምግብ ማዕድ ሲነሣ ሳያስበው እጁን የሚያገላብጥ የቀድሞ ዲለር አይቻለሁ። ቤተሰቡ ይስቃል፣ እሱም ይስቃል።

ሄለን ሮዝ ኢቦው የምትባል የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1988 ባሳተመችው መጽሐፍ የጻፈችው ስለዚህ ነው። ራሷ መነኩሴ ነበረች፣ ገዳሙን ትታ ወጣች። ከዚያ የቀድሞ መነኮሳትን፣ የቀድሞ ሐኪሞችን፣ ከትዳር የወጡትን፣ መጠጥ ያቆሙትን እየዞረች አነጋገረች። ያገኘችው ነገር ሰው ከአንድ ኑሮ ሲወጣ ባዶ አይሆንም፣ «የቀድሞ» ይሆናል የሚል ነው። «የቀድሞ» መሆን ራሱን የቻለ ማንነት ነው። ሰው ሁሉ በቀድሞው ያውቀዋል፣ በቀድሞው ይጠብቀዋል፣ አሮጌው ልማድ ከአካሉ አይወጣም።

የእኛ ሰላምታ ይህን ያከብደዋል። ዲያስፖራ ውስጥ «ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና?» ተብሎ ሳይጨረስ «ሥራ እንዴት ነው?» ይከተላል። ጡረተኛው ይህን ጥያቄ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ለቅሶ ቤት፣ ካፌ በር ላይ ይሰማል። ወጣቱ በአክብሮት ነው የሚጠይቀው፤ «ጋሼ፣ አሁን ምን እየሠሩ ነው?» ሰውዬው «ምንም» ማለት ያፍራል። ስለዚህ «አንድ ነገር ልከፍት አስቤያለሁ» ይላል። በዚህች ዐረፍተ ነገር ብዙ ገንዘብ ጠፍቷል ባይ ነኝ። በሰው ፊት የተነገረች ስለሆነች ከወር በኋላ «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ከዚያ ቤት ይከራያል፣ ከዚያ ምጣድ ይገዛል። ምግብ ቤት የከፈቱትን ሁሉ መውቀሴ አይደለም። ያለ እነሱ ሊትል ኢትዮጵያ የሚባል ሰፈር አይኖርም ነበር። ግን ምግብ ቤት በቀን አሥራ አራት ሰዓት በእግር የሚያቆም ሥራ ነው። ጉልበቱ አሞት ከሥራ የወጣ ሰው ለሰላምታ መልስ ብሎ ሊገባበት አይገባም።

ኃይሌና የከተማው ልጅ

ኖቬምበር 7 ቀን 2010 ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የኒውዮርክ ማራቶንን ጉልበቱን አሞት መሀል ላይ አቋረጠ። እዚያው ጋዜጠኞች ፊት እንባ እየተናነቀው ሩጫ ማቆሙን ተናገረ። ብዙ ቀን ሳይቆይ ሐሳቡን ለወጠና ተመለሰ፤ በእርግጥ ያቆመው በሜይ 2015 ማንቸስተር ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህንን የመዋዠቅ ታሪክ አድርጎ ያወራዋል። እኔ ግን ሁለት ነገር አይበታለሁ። አንደኛ፣ በሕመም ሰዓት የተነገረ «በቃኝ» እና በእርግጥ የበቃው ሰው «በቃኝ» አንድ አይደሉም። ሾፌር ትራፊክ ከቀጣው ሌሊት ማግሥት ቁልፍ ማስረከብ የለበትም። ሁለተኛው ይበልጣል። ኃይሌ መሮጥ ባቆመበት ቀን ቀጣዩን ሕይወት አልጀመረም፤ ከጀመረው ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ሕንጻው፣ ሆቴሎቹ፣ የቡና እርሻው፣ በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሁሉም ጫማውን ሳያወልቅ የተተከሉ ናቸው።

የላስ ቬጋሱ ልጅ፣ የቴኒስ ተጫዋቹ አንድሬ አጋሲም እንዲሁ። ራኬቱን ያስቀመጠው በ2006 በዩኤስ ኦፕን ነው። በድሆች ሰፈር ያቋቋመው ትምህርት ቤት የተከፈተው ግን በ2001 ነው፣ ገና ሜዳ ላይ ሳለ። ለኛ የሚቀርበው ግን አባቱ ነው። ኢማኑኤል አጋሲ በ1948ና በ1952 ኦሎምፒክ ለኢራን በቦክስ የተወዳደረ ሰው ነበር። ተሰዶ አሜሪካ መጣ፣ በላስ ቬጋስ የካዚኖ ሆቴሎች እንግዳ እያስተናገደ ልጆቹን አሳደገ። ኦሎምፒያን የነበረ ሰው ሳህን ይዞ ቆመ። ይህን ታሪክ የሚያውቅ የእኛ ሰው በየቤቱ አለ፤ የቀድሞ መምህር፣ የቀድሞ ሻምበል፣ የቀድሞ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ።

ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። በ62 ዓመቱ «ከታክሲ ሌላ የማውቀው የለም» የሚለው የጎንደሩ መምህር ሙያ ሲለውጥ የመጀመሪያው አይደለም። በ40 ዓመቱ ጠመኔ አስቀምጦ መሪ ጨብጧል፣ ያውም ባልለመደው ቋንቋ፣ በማያውቀው ከተማ፣ ኪሱ ባዶ ሆኖ። ያኔ «ጥሪዬ ምንድን ነው?» ብሎ ራሱን አልጠየቀም። ዘመዱ መኪና ማቆሚያ አስገባው፣ ሁለት ወር ሠርቶ እግሩን አመመው፣ ሌላ ሰው ታክሲ እንዲሞክር ነገረው፣ ሞከረ፣ ቆየበት። ያላወቀውን ሥራ ያወቀው ገብቶበት ነው። ኸርሚኒያ ኢባራ የምትባል የአስተዳደር ትምህርት ምሁር በ2003 ባሳተመችው መጽሐፍ መሀል ዕድሜ ላይ ሙያ የለወጡ ሰዎችን አጥንታ የደረሰችበትም ይኸው ነው። ሰዎቹ መጀመሪያ ራሳቸውን አውቀው ከዚያ አልሠሩም፤ ሠርተው ነው ራሳቸውን ያወቁት። እሷ ያጠናቻቸው ብዙዎቹ የተማሩ ባለሙያዎች ናቸው። የእኛ ስደተኛ ይህን ያለ መጽሐፍ አድርጎታል።

ልዩነት አለ፣ እሱን መሸሸግ አይገባም። በ40 ዓመቱ ያስገደደው ችግር ነበር፤ የቤት ኪራይ አለ፣ አገር ቤት ገንዘብ የምትጠብቅ እናት አለች። ዛሬ ማንም አያስገድደውም፣ ወገቡም የዚያን ጊዜው አይደለም። ችግር የመረጠለት ሰው አሁን ራሱ መምረጥ አለበት፤ ይህ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ስለዚህ ሙከራውን ማሳነስ ነው። የክላርክ ካውንቲ የትምህርት ቢሮ ወደ 300 ሺህ ተማሪ የሚያስተምርና ለዓመታት በመምህር እጥረት የተቸገረ ነው። ተተኪ መምህር የሚፈለገው በየቀኑ ነው፣ ዲግሪውን ያስገመገመ የቀድሞ መምህር ሞክሮ ሊያየው ይችላል። በሆስፒታልና በፍርድ ቤት አማርኛ አስተርጓሚ ይፈለጋል። በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የኦሸር ተቋም ጡረታ ለወጡ ሰዎች ኮርስ ይሰጣል፣ ፈተናም ውጤትም የለበትም። ምግብ ቤት ያማረው ሰው የወዳጁ ምግብ ቤት ገብቶ አርብና ቅዳሜ ማታ አንድ ወር ያግዝ። በወሩ መጨረሻ እግሩ ራሱ ይነግረዋል።

«አገሬ እገባለሁ» የሚለውም መሞከር ያለበት ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚወስነው በናፍቆት ነው። በትውልድ ኢትዮጵያዊ ለሆነ የውጭ ዜጋ በ2002 በወጣው አዋጅ የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ እንዲሠራም ይፈቅድለታል። የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ ሠርቶ ያገኘው የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር ሆኖ አይቋረጥበትም። ሜዲኬር ግን ውቅያኖስ አይሻገርም፤ አገር ቤት ለሚታከምበት የሚከፍለው ራሱ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አረጋውያን የሚሰጠው ኤስ ኤስ አይ የሚባለው ድጎማ ደግሞ 30 ቀን ከአሜሪካ ውጭ የቆየ ሰው ላይ ይቆማል። ሁለቱን አንድ አድርጎ «ሶሻል» እያለ የሚጠራ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ የራሱ የትኛው እንደሆነ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ያረጋግጥ።

አንዳንዱ ግማሹን ዓመት እዚያ፣ ግማሹን እዚህ ያደርገዋል። ወራቱን መምረጥ ላይ ነው ነገሩ። ጁላይ 7 ቀን 2024 ላስ ቬጋስ 48.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገባች፣ እስከዚያ ቀን ያልታየ ነበር። በዚያው ወር አዲስ አበባ ክረምት ነው፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ካፖርት። ሙቀቱን መሸሽ የፈለገ ሰው በጁላይ ይሄድና መብራት የጠፋበት፣ መንገዱ በጎርፍ የተዘጋበት፣ ዘመድ ሁሉ ሥራ ላይ የዋለበት አገር ያገኛል። ለመሞከር የተሻለው ወቅት ያ ነው እላለሁ። በጥምቀት ሰሞን የሄደ ሰው አገሩን አልሞከረም፣ በዓሉን ነው ያከበረው። ክረምቱን ኖሮ የደም ግፊት መድኃኒቱን ከየት እንደሚገዛ፣ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ ልቡ ምን እንደሚል፣ ሰኞ ጠዋት ማን ቡና እንደሚጠራው ያያል። የላስ ቬጋሱን ቤት እስከዚያ አይሽጠው፤ ያከራየው። ሚስቱም አብራው ትሂድ። የልጅ ልጆቿ እዚሁ አጠገባችን ሄንደርሰን ያሉባት ሴት ውሳኔ ከባሏ ውሳኔ የተለየ ሊሆን ይችላል፣ ሰባት ዓመት ቪላ ካሠሩ በኋላ ከሚጣሉ፣ ኪራይ ቤት ውስጥ በሦስት ወር ቢያውቁት ይሻላል።